ታናሽየዋ የጠፋችበት መጽሐፍ

ሰኞ፣ ኦገስት 21
ፋኒ ቤት፣ የተሰጣው ልብስ እስኪደርቅ

ለምወድሽ እህቴ ለማሊንዳ፣

ይህ ደብዳቤ ጉንፋንሽ ለቆሽ፣ በደህና ቀን ያግኝሽ። እኛ ሁላችንም አለን። ዝናብ ከጠፋ ዐሥራ ስድስት ቀን ሆነው። የበቆሎው ቅጠል ከታች በኩል መጠቅለል ጀምሯል፤ አባዬ ግን «ከዚህ የባሰም አይተናል» ይላል። አጃው ታጭዶ ገብቷል። ያቺ አንድ ጡቷ የማይታለበው ላማችን ሞተች። የትናንቱ ጸሎት እነ ኢኖስ ቤት ነበር። የሚቀጥለው እኛ ቤት ስለሆነ እማዬ ከግድግዳው እስከ ድስቱ ቂጥ ሁሉን እያጠበች ነው። የጎረቤታችን የፋኒ ሕፃን ሦስት ሳምንት ሞላው፤ ወንድ ነው፣ ስሙ ሬይመንድ። ከሱ በላይ ስድስት ስላሉ እስክትጠነክር ድረስ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ እየሠራሁላት ነው።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ መጽሐፉ ነው።

ደርሶኛል። ዶሪን የዛሬ አራት ሳምንት ሐሙስ ሴቶቹን ከገበያ ስትመልስ፣ እኔን ወደ በሩ ጠርታ በባዶ የዱቄት ከረጢት የተጠቀለለውን ሰጠችኝ። መቼም ዶሪንን ታውቂያታለሽ። እንደ እኛ መኪና መንዳት ስላልተከለከለች፣ ጋሪያችን የማይደርስበት ሁሉ የምታደርሰን እሷ ናት፤ ምስጢር ላይ ግን አይሆንላትም። «ከእህትሽ ነው፣ የኔ ማር። እኔ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰጠሁሽም» ብላ እስከ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ አንሾካሾከችልኝ።

ውስጡ ያስቀመጥሽውን ወረቀት ደጋግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። «ይህን መጽሐፍ በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ዐሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለምን እንደሄድኩ ሁልጊዜ ትጠይቂኛለሽ፤ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ስትጨርሺው ይገባሻል። ከገባሽ ኦገስት 31 ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ዶሪን አይብ ፋብሪካው ጋ ትጠብቅሻለች። ከመጠመቅሽ በፊት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቃል ሳትገቢ ውጪ። እኔ ያጠፋሁትን አታጥፊ።»

ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ። በሦስት ዓመት አራት ደብዳቤና አንድ ካርድ ጽፈሽልኛል። ስለ ሥራሽ፣ ስለ ክፍልሽ፣ ስለ አውቶቡሱ ጽፈሽልኛል፤ ለምን እንደሄድሽ ግን በአንዱም ላይ የለም። ስለዚህ መጽሐፉን ሳቅፈው እንደ አምስተኛ ደብዳቤ አድርጌ ነው ያቀፍኩት። አራት መቶ ገጽ የሆነ ደብዳቤ።

ሰኞ ሰኞ እዚህ ፋኒ ቤት ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አነብ ነበር። የልብስ ማጠቢያው ሞተር ሲነሳ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ማንም አይሰማኝም። ሱሪዎቹ እስኪታጠቡ አራት ገጽ፣ አንሶላዎቹ እስኪታጠቡ ስድስት ገጽ። ማታ ማታና ቅዳሜ አባዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ደግሞ ቤታችን ጎተራ ውስጥ ብዙ አነብ ነበር። እዚያው ከባዶዎቹ ጆንያዎች ሥር ነበር የምደብቀው። ስምንተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ እንዲህ ወፍራም መጽሐፍ ይዤ አላውቅም። ያልገቡኝ ቃላት ነበሩ፤ ዘለልኳቸው።

አንቺ ታሪኩን በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ እኔ እንዴት እንዳነበብኩት ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ያቺ ሳሬል፣ መዝፈን በተከለከለባት ከተራራ ሥር ባለች መንደር፣ የታናሿን የኒቫን ፀጉር ስትጎነጉን መዳፏ ውስጥ እሳት እንዳለ የምታውቅበት ቦታ ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ኒቫ ብዙ አትናገርም። ሰው ሲመጣ ከምድጃው ጀርባ ትገባለች። ይህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። እንግዳ ሲመጣ እኔ የት እንደምገባ አንቺ ታውቂያለሽ። «ማሊንዳ ይህን ስታነብ እኔን ነው ያሰበችው» አልኩ። ደስ አለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ሳሬል ነጩ አጋዘን ላይ ከወጣች በኋላ ጎንበስ ብላ ኒቫን «በረዶ ከመውደቁ በፊት እመለስልሻለሁ፤ እስከዚያ ስሜን በልብሽ ያዥልኝ» ትላታለች።

እዚያ ላይ ሞተሩን አጠፋሁት።

ያን ጠዋት ላሞቹ ሳይታለቡ፣ ወተት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ለኔ ያልሽኝ ይህንኑ ነው፣ ማሊንዳ። ቃል በቃል። ለእማዬም አልነገርኩም፣ ለማንም አልነገርኩም። ያንቺ ቃል ነው፣ ለኔ ብቻ የተባለ ነው ብዬ ይዤው ነበር። በረዶው ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ ሲቀልጥ እንኳ «መንገዱ ይዟት ነው» እያልኩ ይዤው ነበር። መደብር ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቢሆንም ቀጠልኩ። ምናልባት ሳሬል ትመለስ ይሆናል አልኩ። እሷ ከተመለሰች፣ አንቺም ቃሉን ከእሷ ስትወስጂ የመመለሱንም ነገር አብረሽ አስበሽው ይሆናል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የማነበው ስለ ጦርነቱም ስለ ዘውዱም ብዬ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው።

ባለፈው ሰኞ ሳምንት ፋኒ ያዘችኝ። በሩን በእግሯ ገፍታ ሕፃኑን እንደያዘች ገባች።

«ሎቪና! ሱሪዎቹ ካበቁ ቆዩ እኮ። ራሳቸው ሄደው እስኪሰጡ ነው የምትጠብቂው?»

መጽሐፉ ከእጄ ወድቆ የሳሙናው ቅርጫት ውስጥ ገባ። በሁለት ጣቷ አነሳችውና ሽፋኑ ላይ ያለችውን ትከሻዋን የገለጠች ልጅ አየቻት።

«ይቺ ልጅ አይበርዳትም?»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበትና ሕፃኑን ማጥባት ጀመረች። «በይ ንገሪኝ። እጄ ተይዟል፣ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈቷል።»

ነገርኳት። ሦስት ቃል አከታትዬ መናገር የማልችለው እኔ ነገርኳት። ልጆቹም አንድ በአንድ እየገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አጋዘኑ ምን ይበላል?» አለ የአምስት ዓመቱ ሎይድ።

«አልተጻፈም።»

«ስንት ቀን ሮጠ?»

«ዘጠኝ ቀን።»

«ሳይበላ? እንግዲያውስ ሞቷል።»

«ዝም በል፤ አስማት ነው» አለችው እህቱ።

«አስማትም ቢሆን ይርበዋል።»

ፋኒ ደግሞ «ለግብዣው የለበሰችው ልብስ ስንት ገጽ ነው ያልሽኝ?» አለችኝ።

«ሦስት ገጽ።»

«ሦስት ገጽ! እኔ የሰባት ልጅ ልብስ አጥቤ፣ ሰቅዬ፣ አጥፌ፣ ቢጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም።»

ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ግን ልብሱን ሳሰጣ ሳቄ ጠፋ። ምክንያቱም የሳቅነው በሚያሳዝነኝ ነገር ላይ ነው። ሳሬል ከወጣች ወዲህ መንደሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንጨት ሆኗል። እናትየዋ ታለቅሳለች፣ አባትየው ይቆጣል፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። አንድ ሰው እንኳ እንደ ፋኒ የሚያስቅ ነገር አይናገርም። አንድ ልጅ እንኳ እንደ ሎይድ አይጠይቅም። «አንገታቸውን የደፉ፣ ጠይቀው የማያውቁ» ይላቸዋል መጽሐፉ። እኛንም እንዲህ አድርገሽ ነው የምታስታውሺን?

የማነበው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መጽሐፍ ቅዱሱን፣ የሰማዕታቱን ታሪክ፣ ከዚያ ሳምንታዊ ጋዜጣችንን። ጋዜጣው ላይ ከየሰፈሩ የሚጽፉት ሰዎች አንድ ሰው ከመሰላል ወደቀ ካሉ እንደወደቀ አይተዉትም። ሳምንትም ቆይተው፣ ወርም ቆይተው «ያ የጻፍኩላችሁ የሊሮይ እግር ተጠግኗል፤ እሑድ በዱላ መጥቷል» ይላሉ። ሰው ሲሞት ስንት እህትና ወንድም እንደተረፉት፣ መቃብሩን እነማን እንደቆፈሩ ይጻፋል። ማንበብ ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። ስሙ የተጠራ ሰው መጨረሻው ይነገራል ብዬ ነው የማውቀው። ስለዚህ ኒቫን ጠበቅኋት።

ገጽ መቶ ሃያ ላይ በረዶ ወረደ። ሳሬል በቤተ መንግሥቱ መስኮት አይታው «እንዴት ያምራል» አለች። አላስታወሰችም። ገጹን ወደ ኋላ መለስኩ፣ አንድ መስመር ዘልዬ ይሆናል ብዬ። አልዘለልኩም። ሁለቱ ወንዶች ስለ እሷ ተደባደቡ፤ አንዱ ዓይኑ እንደ ማዕበል፣ ሌላው ዓይኑ እንደ ሌሊት ነው። የኒቫ ዓይን ምን እንደሚመስል ግን ተጽፎ አያውቅም። ገጽ ሁለት መቶ አለፈ፤ ሦስት መቶ አለፈ።

ገጽ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ላይ፣ ከመሃል ዝቅ ብሎ፣ «ከተራራው ሥር ያሉት መንደሮችም ተቃጠሉ» ይላል።

በቃ ይኸው ነው። ስም የለም። ማን ቀበራቸው የለም። ሳሬል አንድ እንባ ታፈሳለች፣ ልዑሉ በአውራ ጣቱ ይጠርግላታል፣ ከዚያ ይስማታል። መጨረሻው ደረሰ። ከመጨረሻው በኋላ ያሉትን ገጾች አገላበጥኩ፤ እዚያ ይኖራል ብዬ። ጸሐፊዋ የረዷትን ሰዎች ታመሰግናለች። ውሻዋን እንኳ በስሙ ጠርታ አመስግናለች።

ባለፈው ሐሙስ ዶሪንን ከበረቱ ጀርባ አግኝቼ «ይህ መጽሐፍ ቀጣይ አለው ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ስልኳን አወጣች።

«ሦስት ናቸው፣ የኔ ማር። ሁሉም ወጥተው አልቀዋል። ምን ልይልሽ?»

«ኒቫ የምትባል ልጅ ካለች። ታናሽ እህት ናት።»

በጣቷ እየገፋች ብዙ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። «ነገሥታት አሉ። ዘንዶ አለ። ያ ባለ ሌሊት ዓይኑ ይሞትና ደግሞ አይሞትም። ኒቫ...» ቀና ብላ አየችኝ። «የለችም፣ የኔ ማር። ሙሉውን የሰዎቹን ዝርዝር አየሁ፤ ስሟ ውስጡ የለም።» ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከትታ፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «እህትሽ ደህና ናት እኮ፤ ሥራ በዝቶባት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አንድ ጊዜ ብቻ ከፈትኩት፤ ያንቺን የእርሳስ መስመሮች ለማየት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያንዳንዱን አየሁ። አጋዘኑ ሲነሳ አስምረሻል። «ወደ ኋላ አላየችም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረሻል። ልብሱንም አስምረሻል። ዐሥራ አንድ ጊዜ አንብበሽ ገጽ 391 ላይ ግን ምንም የለም። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። አሁን እኔ በቀጭኑ አስምሬበታለሁ፤ ይቅርታ።

አሁን የምነግርሽን ልንገርሽ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ።

ትናንት ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ መጽሐፉን ልወስድ ጎተራ ስገባ እማዬ እዚያ ነበረች። ባዶዎቹን ጆንያዎች እያጠፈች ነበር። መጽሐፉ ከጎኗ የአጃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ አልደበቀችውም፣ አልያዘችውም።

«ማሊንዳም እዚሁ ነበር የምትደብቀው» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«እኔ እኮ ነኝ ጆንያ የማጥፈው፣ ልጄ። የማላውቅ ይመስላችኋል?» ሌላ ጆንያ አነሳች። «እሷ ባቄላ ለመልቀም ስትወርድ ነበር የማነበው። ሳነብ ዘገምተኛ ነኝ፤ በቀን አንድ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ። ልጅቷ እህቷን ትታ እስከምትሄድበት ደረስኩ። ከዚያ ዘጋሁት።»

«ለምን?»

«እንጃ። እኔ ካልጨረስኩት እሷም የማትጨርሰው መስሎኝ።»

ያን ጊዜ ፊቷን አላየሁትም፤ ወደ ጆንያው ነበር ያዞረችው። አንቺ እኮ «ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው ምን እንደማስብ ጠይቆኝ አያውቅም» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። አልጠየቀችሽም፤ እውነት ነው። ግን ባቄላ ስትለቅሚ አንድ አንድ ገጽ ትከተልሽ ነበር።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ኋላስ እንዴት ሆነ? ታላቅየዋ ተመልሳ መጣች? ትንሿን ወሰደቻት?»

«አዎ» አልኳት። «መጣች። በረዶ ከመውደቁ በፊት።»

«እሰይ» አለች እማዬ። በመቀነቷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና፣ አቧራው ነው አለች። ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ለአባዬ ያለ ምክንያት ሁለተኛ ቁራሽ ፓይ ሰጠችው። እኔ የኔን ቁራሽ ሳልነካው ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። ሰባት ጊዜ ለጥምቀት ትምህርት ወጥቼ፣ ትናንትም ሌላው ሕዝብ ከታች ሲዘምር እኛ ተማሪዎቹ ፎቅ ላይ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጠን ስለ እውነት መናገር ሲያስተምሩን፣ ጭንቅላቴን አላነሳሁም። ሽማግሌው «ሎቪና፣ አመመሽ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ። እሱም ሌላ ውሸት ነው።

ስለዚህ በዚያ ባልሽው ሐሙስ አይብ ፋብሪካው ጋ አልመጣም። ዶሪን በከንቱ እንዳትጠብቅ እነግራታለሁ።

ሃይማኖቱ ሁሉ ገብቶኛል ብዬ አልጽፍልሽም። ስጠየቅ ድምፄ ስለማይሰማ ሁለቴ ያስደግሙኛል፤ ሁለተኛውም አይሰማም። ደስ ብሎኝ ነው ብልሽም አታምኚኝም። ግን መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ነው ብለሽኛል፤ ፈለግሁት፤ ያገኘሁት እናት ስታለቅስ፣ አባት ሲቆጣና መንደር ሲቃጠል ነው። በዚህ ተነሥቼ ከቤት መውጣት አልችልም። እማዬን አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፤ በባዶ አልጋ ደግሞ ልዋሻት አልፈልግም።

ሴፕቴምበር 16 ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠይቁናል። መመለስ የፈለገ ያን ቀን ሊመለስ ይችላል፤ ማንም አይወቅሰውም። በማግስቱ እሑድ ለመጠመቅ እንበረከካለሁ።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ግን ካንቺ ጋር ከአንድ ሳህን መብላት እችላለሁ። አንቺ ተጠምቀሽ ቃል ከገባሽ በኋላ ስለወጣሽ አባዬና እማዬ አይችሉም፤ እኔ ገና ስላልተጠመቅሁ ማንም አይከለክለኝም። ከእሑዱ በኋላ ብትመጪ ግን እንዴት እንደሚሆን ለኢኖስ ወንድም ሲደረግ አይተሻል። ትንሿን ጠረጴዛ ከትልቋ አጠገብ ያስጠጓታል፤ በመካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዋሉ፤ ክፍተቱ እንዳይታይ አንድ ጨርቅ በሁለቱም ላይ ያለብሳሉ። አንቺ በትንሿ ትቀመጫለሽ። ድንቹን ከእጅሽ መቀበል አልችልም፤ ጨርቁ ላይ ታስቀምጪውና አነሳዋለሁ።

ከዚያ በፊት ነይ። እኛ ቤት ለመቆየት አይደለም፣ እኔንም ለመውሰድ አይደለም። ለምሳ ብቻ። ምን እንደሆንሽ በራስሽ ቃል ንገሪኝ፤ ረጅም ባይሆንም ግድ የለም፣ የሚያምርም ባይሆን። ትንሿን ጠረጴዛ እኔ እዘረጋታለሁ፤ ሁለታችን እንቀመጥባታለን።

መጽሐፉን በዶሪን እጅ መልሼልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ገጽ 38 ላይ ነው ያስገባሁት።

ልብሱ ደርቋል፤ ፋኒ እየጠራችኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያን ሐሙስ ዶሪን ከረጢቱን ስትዘረጋልኝ ወዲያው አልተቀበልኳትም፤ «ያዢው እንጂ፣ ሰው ሳያየን» ብላ ተቆጣችኝ። ብቻዋን መጥታ እንደሆነ ለማወቅ ከሷ አልፌ የመኪናውን የኋላ ወንበር እያየሁ ነበር። ሁለት ከረጢት ድንችና አንድ ጃንጥላ ነበረበት።

እግዚአብሔር በምትገቢበትም በምትወጪበትም ይጠብቅሽ። ብርድ ሲመጣ ወፍራም ልብስ ልበሺ፤ ብቻሽን ስትሆኚም ምግብሽን አትዝለዪ። እማዬ ሰላምታ አልላከችም፤ እንደምጽፍልሽ ግን ታውቃለች፤ ጠዋት ስወጣ ቴምብር ጠረጴዛው ላይ አገኘሁ።

እህትሽ
ሎቪና